ማሪዋና ባሎት ላይ ሲወጣ መራጩም ከቤቱ ይወጣል ወይ?

አሜሪካ ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንድ ወሬ አይጠፋም። የሆነ ስቴት ውስጥ ማሪዋና ህጋዊ ይሁን አይሁን የሚል ጥያቄ ለህዝብ ድምፅ ከቀረበ ወዲያው «ይሄማ ወጣቱን ከቤት ለማስወጣት ነው፣ የዲሞክራቶች ዘዴ ነው» ይባላል። ቡና ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ኡበር ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ፌስቡክ ላይማ ተዉት። አንዳንዱ በንዴት ነው የሚያወራው አንዳንዱ ደሞ በተስፋ፣ ግን ሁለቱም ያመኑት ያው አንድ ነገር ነው፣ ማሪዋና ሰው ያስወጣል የሚለውን። ቁጥሩን ቁጭ ብሎ ላየው ሰው ግን ነገሩ እንደዛ ቀላል አይደለም፣ አንዳንድ ቦታ እውነት ነው፣ አብዛኛው ቦታ ግን የታየው ነገር ሌላ ነው። ማሪዋና (ሀገር ቤት በአብዛኛው ሀሺሽ የሚባለው) ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ እዚህ የማወራው ስለ ምርጫው ብቻ ነው።

የባሎት ጥያቄ ሲባል ምን ማለት ነው?

እኛ ህዝበ ውሳኔ ሲባል የምናስበው በህዳር 2012 ሲዳማ ላይ እንደተደረገው አይነት ነው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ትልቅ ጥያቄ፣ ሰው የሚሰለፈው ለሱ ብቻ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው አመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ከሌላው ምርጫ ጋር ተለጥፎ ነው። ባሎት የሚባለው ወረቀት ላይ ከላይ ፕሬዝዳንት ይኖራል፣ ቀጥሎ ሴኔት፣ ገቨርነር (የስቴቱ አስተዳዳሪ)፣ የካውንቲ ሰዎች፣ ዳኞች ምናምን፣ እና መጨረሻው አካባቢ «ይሄ ህግ ይፅደቅ ወይስ አይፅደቅ» የሚሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ።

ጥያቄው እዛ ወረቀት ላይ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ዜጎች ራሳቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፊርማ አሰባስበው ሲያስገቡ ነው፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት በ2012 ለመዝናኛ የሚሆን ማሪዋናን ህጋዊ ያደረጉ የመጀመሪያዎቹ ስቴቶች የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው የስቴቱ ምክር ቤት ራሱ «ህዝቡ ይወስን» ብሎ ሲመራው ነው፣ ሜሪላንድ በ2022 እንዳደረገችው። ይሄ ነገር ግን ሁሉም ቦታ አይሰራም፣ የፊርማው መንገድ ያለው ግማሽ በሚያህሉት ስቴቶች ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ የለም፣ እዛ በ2021 ህጋዊ ያደረገው ምክር ቤቱ ነው እንጂ ማንም ቮት አላደረገበትም።

«ተርንአውት ጨመረ» ሲባል ምኑ ነው የጨመረው?

ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ጋር ነው። ተርንአውት ማለት መምረጥ ከሚችለው ሰው ስንት እጁ ወጥቶ መረጠ ማለት ነው፣ ማካፈል ነው በቃ። ግን ሰው ሶስት የተለያዩ ነገሮችን ባንድ ላይ ይጨፈልቃል፦ ስንት ሰው ወጣ የሚለውን፣ ከወጣው ውስጥ ወጣቱ ስንት በመቶ ነው የሚለውን፣ እና ጥያቄውን ስንት ሰው ደገፈው የሚለውን።

የኮሎራዶን 2012 እንይ። ማሪዋናን ህጋዊ የሚያደርገው አሜንድመንት 64 ወደ 1.38 ሚሊዮን የድጋፍ ድምፅ አገኘ፣ በዛው ቀን በዛው ስቴት ኦባማ ያገኘው ወደ 1.32 ሚሊዮን ነው። ወዲያው «ማሪዋና ከኦባማ በላይ ሰው አወጣ» ተባለ፣ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል። ግን እስቲ ተረጋግታችሁ እዩት፣ ለፕሬዝዳንት ድምፅ የሰጠው ሰው ጠቅላላ 2.57 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ የማሪዋናው ጥያቄ ላይ ምልክት ያደረገው ደሞ 2.5 ሚሊዮን። ያንኑ ወረቀት ነው ሁሉም የያዘው። ማሪዋናው ብዙ ድጋፍ ያገኘው የኦባማን ተፎካካሪ ሮምኒን ከመረጡትም ውስጥ የደገፉት ስላሉ ነው እንጂ ለሱ ብሎ የመጣ አዲስ ሰው ስለመኖሩ ቁጥሩ ምንም አይነግረንም።

ዋሽንግተን ስቴት ደሞ በዛው ቀን ሁለት የሀገር መነጋገሪያ የሆኑ ጥያቄዎች ነበሩባት፣ ማሪዋናና የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ። ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው አይደል? ከተመዘገበው መራጭ በ2008 የወጣው 84.6 በመቶ ነበር፣ በ2012 ወደ 81.3 ወረደ። እንደዛም ሆኖ ከፍተኛ ነው፣ ግን ወረደ እንጂ አልጨመረም።

የወጣቱን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኤግዚት ፖል ነው፣ ማለትም መርጠው ከሚወጡ ሰዎች የተወሰኑትን እየጠየቁ የሚሰራ ናሙና። ኮሎራዶ ውስጥ ከ18 እስከ 29 አመት ያሉት ከመራጩ የነበራቸው ድርሻ በ2008 ከነበረው 14 በመቶ በ2012 ወደ 20 ከፍ አለ ይላል። ይሄ ቀላል ለውጥ አይደለም፣ ልንቀው አይገባም። ግን ድርሻ ማለት ድርሻ ነው፣ አንድ ዳቦ ላይ የአንዱ ቁራሽ የሚተልቀው ዳቦው ስለተለቀ ብቻ አይደለም፣ የሌላው ቁራሽ ካነሰም ይተልቃል። ናሙናም ናሙና ነው፣ ጥቂት ቦታ ላይ ቆሞ የተጠየቀ ነገር ከአመት አመት በራሱ ይዋዥቃል።

ከኮሎራዶ ቁጥር ውስጥ እውነትም የሚገርመኝ ሌላው ነው። ከመጣው ሰው 97 በመቶ ገደማው የማሪዋናውን ጥያቄ መልሷል። ባሎት ይዞ የቆመ ሰው ያውቀዋል፣ ወረቀቱ ወደታች ሲወርድ ሰው ይሰለቻል፣ ዳኞቹን አያውቃቸውም፣ የግብር ጥያቄው ቋንቋው ይከብዳል፣ ባዶ ትቶት ይሄዳል። ማሪዋና ላይ ግን ማንም ባዶ አይተውም፣ አያቱም የልጅ ልጁም ሀሳብ አላቸው። ስለዚህ እስክሪብቶ እንደሚስብ ጥርጥር የለውም፣ እግር ይስባል ወይ የሚለው ነው ጥያቄው።

ሰው ራሱ «ይሄ ካለ እወጣለሁ» ይል የለም እንዴ?

ይላል። በማርች 2014 የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባስጠናው ፖል (የህዝብ አስተያየት ጥናት) ላይ ከአስር ሰው ወደ ሰባቱ የማሪዋና ጥያቄ ባሎቱ ላይ ካለ ለመምረጥ የመውጣት እድሌ ይጨምራል ብሎ መለሰ። ዜናው ያኔ በጣም ነው የተወራው።

ግን አስቡት፣ የሰርግ ጥሪ ካርድ እጁ ላይ ስታስቀምጡለት «እንዴታ! እመጣለሁ እንጂ» የማይል ሰው አለ? ሁሉም ይላል፣ ከልቡም ነው የሚለው፣ ቀኑ ሲደርስ ግን ስራ አለ፣ ልጅ አለ፣ ዝናብ አለ። ሌላው ችግር ደሞ የተጠየቁት ሰዎች ድሮም ሊመርጡ ይችላሉ ተብለው የተለዩ መራጮች ናቸው። ሁሌ ቅዳሴ የማይቀር ሰው ሄዳችሁ «ንግስ ከሆነ ትመጣለህ?» ብትሉት አዎ ነው የሚላችሁ፣ ግን ያ ሰው ንግስ ባይሆንም ይመጣ ነበር። ቁጥሩን የሚቀይረው የማይመጣው ሰው ነው፣ እሱ ደሞ ፖል ላይም ብዙ ጊዜ አይገኝም። የዛኑ አመት ኖቬምበር ላይ በመላ አሜሪካ መምረጥ ከሚችለው የወጣው 36 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር፣ ከሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ወዲህ ዝቅተኛው። በእርግጥ አብዛኛው ስቴት ላይ የማሪዋና ጥያቄ አልነበረም፣ ስለዚህ ፖሉ ውሸት ነበር ለማለት አይደለም፣ «እወጣለሁ» እና መውጣት ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማሳየት ነው።

ታዲያ የሚሰራው መቼ ነው?

የፋሲካ ዋዜማ ገበያ ሂዱና ትልቅ ማስታወቂያ ስቀሉ፣ አንድም ሰው አይጨምርም፣ ምክንያቱም ሊመጣ የሚችለው ሰው በሙሉ ዶሮውን ሊገዛ እዛው ነው። ያንኑ ማስታወቂያ ገበያ በሌለበት ማክሰኞ ብትሰቅሉት ግን የሚመጣ ሰው ይኖራል። የፕሬዝዳንት ምርጫ ፋሲካ ነው። በሁለት ፕሬዝዳንት ምርጫ መሀል ያለው ሚድተርም፣ ከሱም በላይ ፓርቲዎች እጩ የሚለዩበት ፕራይመሪ፣ እነሱ ናቸው ማክሰኞው። እንደ ዳንኤል ስሚዝና ካሮላይን ቶልበርት ያሉ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎችም ስለ ባሎት ጥያቄዎች በአጠቃላይ ያገኙት ይሄንኑ ነው፣ ተሳትፎን በትንሹ ከፍ ያደርጋሉ፣ ጭማሪው ደሞ ከፕሬዝዳንት ምርጫ ይልቅ ሚድተርም ላይ ይበረታል።

ለዚህ ከኦክላሆማ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኦክላሆማ ወግ አጥባቂ ስቴት ነው፣ የዲሞክራት ዘዴ ምናምን የሚባልበት ቦታ አይደለም። ጁን 26 ቀን 2018 ላይ ማሪዋና ለህክምና ይፈቀድ ወይ የሚለው ጥያቄ (ስቴት ክዌስቸን 788) ከፕራይመሪው ጋር ቀረበ። ፕራይመሪ፣ ያውም በሰኔ! ማንም የማይወጣበት ምርጫ ነው። ጥያቄው ላይ ግን ወደ 893 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ፣ ይሄ ከአራት አመት በፊት በኖቬምበር 2014 ዋናው የገቨርነር ምርጫ ላይ ከተሰጠው 825 ሺህ ገደማ ድምፅ ይበልጣል። ትንሿ ምርጫ ትልቋን በለጠች ማለት ነው። ደሞ ሌላ ነገር አለ፣ በዛው ቀን በሁሉም ፓርቲዎች ለገቨርነር እጩዎች የተሰጠው ድምፅ ተደምሮ ከማሪዋናው ጥያቄ ወደ 40 ሺህ ያንሳል። ማለትም መጥቶ ማሪዋናው ላይ ምልክት አድርጎ ገቨርነሩን ያልነካ ሰው ነበር። እግር ሲስብ የታየው እንግዲህ እዚህ ነው።

እንደዛም ሆኖ ሁሉንም ለማሪዋናው መስጠት አይቻልም። የገቨርነሯ ጊዜ አልቆ ወንበሩ ክፍት ነበር፣ ብዙ ሰው ለሱ ይወዳደር ነበር፣ በኤፕሪል ደሞ የስቴቱ አስተማሪዎች ስራ አቁመው ምክር ቤቱን አጥለቅልቀውት ስለነበር ፖለቲካው ግሎ ነው የመጣው።

አሁን ቀጣዩን እዩት። ለመዝናኛ ይፈቀድ የሚለው ስቴት ክዌስቸን 820 ፊርማው ተቆጥሮ እስኪያልቅ ለ2022ቱ የኖቬምበር ምርጫ ሳይደርስ ቀረ፣ ገቨርነሩ ለማርች 7 ቀን 2023 ቀጠሮ ያዙለት። በዛ ቀን በስቴት ደረጃ የቀረበው ጥያቄ እሱ ብቻ ነው፣ ፕሬዝዳንት የለ ሴኔት የለ። ማሪዋና ብቻውን ሰው ያስወጣል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ፈተና አይገኝም። ስንት ወጣ? ወደ 566 ሺህ ሰው፣ ከጥቂት ወራት በፊት ለገቨርነር ከወጣው 1.15 ሚሊዮን ገደማ ግማሹን እንኳን አልሞላም። ጥያቄውም ወደ 62 በመቶ በሚሆን የተቃውሞ ድምፅ ወደቀ።

ያው ስቴት፣ ያው ቅጠል፣ አምስት አመት እንኳን ያልሞላ ልዩነት። ምን ተቀየረ ካላችሁ፣ በ2018 ነገሩ አዲስ ነበር፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ያገባኛል ይል ነበር። በ2023 ግን የህክምና ካርዱ ኦክላሆማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ ነገር ሆኖ ነበር፣ የፈለገው ሰው አግኝቶታል፣ ስለዚህ ደጋፊው ቸኩሎ የሚወጣበት ምክንያት ቀነሰ። ቀኑም ማንም የምርጫ ቀን ነው ብሎ የማያስበው ቀን ነው። እንደዚህ አይነት ቀን ላይ የሚወጣው የመምረጥ ልማድ ያለው ሰው ነው፣ እሱ ደሞ ብዙውን ጊዜ በእድሜ ገፋ ያለው ነው፣ ማሪዋናን የመደገፍ እድሉ ያነሰው።

ለዲሞክራቶች ይጠቅማል የሚባለውስ?

ፍሎሪዳ 2014ን ያየ ሰው ይሄን በቶሎ አይደግመውም። የህክምና ማሪዋናውን ዘመቻ በገንዘብ ያቆመው ጠበቃው ጆን ሞርጋን ነበር፣ ለገቨርነር የሚወዳደረው ዲሞክራት ቻርሊ ክሪስት ደሞ የሞርጋን የህግ ቢሮ ውስጥ የሚሰራ ሰው ነው፣ ስለዚህ ተቃዋሚዎቹ «ማሪዋናው ለክሪስት መራጭ ማምጫ ነው» ብለው ጮሁ። ውጤቱ ሲመጣ የማሪዋናው ጥያቄ 57.6 በመቶ፣ ወደ 3.4 ሚሊዮን ድምፅ አገኘ፣ ያሸነፉት ሪፐብሊካኑ ሪክ ስኮት ያገኙት ግን 2.87 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ማሪዋናው ከሁሉም እጩ በላይ ድምፅ አገኘ፣ ፍሎሪዳ ህገ መንግስት ለማሻሻል 60 በመቶ ስለምትጠይቅ ወደቀ፣ ክሪስትም ተሸነፈ። ሰዉ ማሪዋናውን እየደገፈ ሪፐብሊካኑን መረጠ፣ አለቀ።

ከዛ በኋላማ ነገሩ የባሰ ግልፅ ሆኗል። በ2020 ሳውዝ ዳኮታ ለመዝናኛ የሚለውን በ54 በመቶ ደገፈች (በኋላ ፍርድ ቤት ቢሽረውም)፣ ትራምፕን ደሞ በ62 በመቶ። ሚዙሪ በ2022 ማሪዋናውንም አፀደቀች ሪፐብሊካን ሴናተርም መረጠች። በ2024 ፍሎሪዳ ላይ ደሞ ትራምፕ ራሳቸው ጥያቄውን እደግፋለሁ ብለው ነበር፣ ገቨርነር ዲሳንቲስ በሀይል ተቃወሙት፣ ትሩሊቭ የሚባለው የማሪዋና ኩባንያ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰበት፣ በስተመጨረሻ ጥያቄው 55.9 በመቶ አግኝቶ 60ው ስላልሞላ ወደቀ፣ ትራምፕ ደሞ 56 በመቶ ገደማ አግኝተው ፍሎሪዳን በሰፊው አሸነፉ። አሁን ይሄን ያህል የተቀላቀለ ደጋፊ ያለውን ነገር የአንድ ፓርቲ መራጭ ማምጫ ነው ማለት ከባድ ነው።

ይሄ ሀሳብ ከየት መጣ ካላችሁ በዋናነት ከ2004 ነው። ያኔ በኖቬምበር 11 ስቴቶች የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚከለክል ጥያቄ አቅርበው ነበር፣ ቡሽ ኦሃዮን ያሸነፉት በዚህ ምክንያት የወጣው አማኝ መራጭ ነው ተባለ። ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፣ ምክንያቱም በዛ አመት ተሳትፎ በመላ ሀገሪቱ ነው የጨመረው፣ ጥያቄው ባልነበረበትም ጭምር። ፖለቲከኞቹ ግን ትምህርቱን ወሰዱ፣ ግራውም የራሱን መሳቢያ ፈለገና ማሪዋና ላይ አይኑ አረፈ።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢሆንስ?

እኔ ካየሁት ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው የሚመስለኝ። ማሪዋናው መራጩን ከሚያመጣው ይልቅ፣ የሚመጣው መራጭ ማሪዋናው እንዲያልፍ ወይ እንዲወድቅ የማድረግ ጉልበቱ ይበልጣል። የዘመቻው ሰዎችም ይሄን ያውቁታል። ካሊፎርኒያ በ2010 ሚድተርም ላይ ማሪዋናን ህጋዊ የሚያደርገውን ፕሮፖዚሽን 19 አቅርባ 46.5 በመቶ ድጋፍ ብቻ አግኝቶ ወደቀ፣ በ2016 የፕሬዝዳንት ምርጫ ላይ ፕሮፖዚሽን 64 ሲቀርብ በ57 በመቶ አለፈ። እርግጥ በመሀል የሰዉ አስተሳሰብም ተቀይሯል፣ የህዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋሎፕ በ2010 በሀገር ደረጃ 46 በመቶ ደጋፊ ነው ያገኘው፣ በ2016 ግን 60፣ ስለዚህ ሁሉንም ለቀኑ መስጠት አይቻልም። ግን ሜይንን እዩ፣ በ2016 ያለፈው ከ4 ሺህ ባነሰ ድምፅ ልዩነት ነው፣ ከ750 ሺህ በላይ ሰው ከመረጠበት ውስጥ። እንደዛ ባለ ጠባብ ልዩነት ላይ ያንኑ ጥያቄ ወጣቱ በብዛት የማይወጣበት ቀን ብታቀርቡት ምን ይሆን እንደነበር መገመት አይከብድም።

ለዚህ ነው ፊርማ የሚያሰባስቡት ሰዎች የፕሬዝዳንት ምርጫ አመት የሚጠብቁት፣ ለዚህም ነው ተቃዋሚዎች ቀኑ ወደ ፀጥተኛ ወር ሲገፋ ደስ የሚላቸው። ከውጪ ለሚያይ ሰው ግን «ማሪዋና ባለበት አመት ብዙ ሰው ወጣ» ነው የሚመስለው፣ ሰዉ ይወጣል ተብሎ ስለታሰበ መሆኑ አይታይም።

እኛን የት ጋር ነው የሚነካን?

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ያላችሁ የ2022ቱን ታስታውሱታላችሁ፣ ክዌስቸን 4 ተብሎ ሜሪላንድ ላይ ወጥቶ በ67 በመቶ አለፈ። ተሳትፎው ግን በ2018 ከነበረው ወደ 59 በመቶ ወደ 49 ገደማ ነው የወረደው፣ የገቨርነሩ ውድድር ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ የታወቀ ስለነበር ሰው አልተጣደፈም፣ ማሪዋናውም አላስወጣውም። ዲሲ ደሞ በ2014 በ70 በመቶ ነው የደገፈችው፣ ዲሲ በነገራችን ላይ በቋንቋ ህጓ አማርኛን ከያዙት ጥቂት ከተሞች አንዷ ናት፣ ስለዚህ አማርኛ ብቻ የሚያነብ ዜጋ የምርጫ መረጃ በቋንቋዬ ስጡኝ ማለት ይችላል።

አንድ ነገር ግን በጣም የሚያሳስበኝ ስላለ ሳልናገር አላልፍም። ከላይ ተርንአውት ማካፈል ነው ብዬ አልነበር፣ ታዲያ ማካፈያው ውስጥ አዋቂ ሁሉ ከተቆጠረ ግሪን ካርድ ያለውም ወገናችን «ያልመረጠ» ተብሎ ይቆጠራል፣ መምረጥ የሚችል ዜጋ ብቻ ከተቆጠረ ግን የለበትም፣ ብዙ ስደተኛ ያለባቸው ቦታዎች ተሳትፏቸው ዝቅ ያለ የሚመስለው አንዱም በዚህ ነው። ታኮማ ፓርክን የመሰሉ ከተሞች ለከተማ ምርጫ ዜጋ ያልሆነውንም ያስመርጣሉ፣ ዲሲም ለራሷ ምርጫ ፈቅዳለች፣ በፌደራልና በስቴት ምርጫ ግን ዜጋ ያልሆነ ሰው መምረጥ አይችልም፣ ከመረጠ እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «ለመራጭነት ልመዝግብህ?» ሲሏችሁ ሲትዝን ካልሆናችሁ አይሆንም በሉ፣ የዜግነት ማመልከቻው ፎርም ላይ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ፣ መርጠህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ማሪዋናውም እንደዛው ነው፣ ስቴቱ በ67 በመቶ ቢያፀድቀውም በፌደራል ደረጃ ነፃ አልወጣም፣ የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ መጠቀምም ሆነ እዛ ኢንዱስትሪ ውስጥ ተቀጥሮ መስራት ስቴቱ ላይ ህጋዊ ቢሆንም ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ስነ ምግባር ሊያሳጣ ይችላል ብሏል። ጎረቤት ሱቅ ገብቶ ገዝቶ ሲወጣ አይታችሁ ለኔም ተፈቅዷል እንዳትሉ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ከመቅረባችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ።